የሰኞው የፊልም ውይይት

በዚያ ዘመን ጎንደር ላይ ፊልም ማየት የተፈቀደ ነበር፤ ስለ ፊልም ማውራት ደግሞ አልተከለከለም። ያልተከለከለ ነገር ግን ከተከለከለው ይልቅ ያስፈራል፤ ድንበሩ የት ጋ እንደሆነ የሚያውቅ የለማ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከፒያሳው ሲኒማ ቤት የሚወጣው ሕዝብ፣ ውስጥ ሲያለቅስና ፊልሙ ሲበጠስ ሲያፏጭ የቆየው ሁሉ፣ በሩን እንዳለፈ አፉን ገጥሞ ወደየቤቱ ይበተናል። ሦስት ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ከታዩ፣ ምን እንደሚያወሩ ማወቅ የሚፈልግ አራተኛ አይጠፋም ነበር። ከተማው ይህን ትምህርት የተማረው ልጆቹን ከፍሎ ነው፤ ስለዚህ አይረሳውም።

በዚህ ዝምታ ከሁሉም ይልቅ የሚንገበገበው አስማረ ነበር። አስማረ የግብርና ቢሮ የሰብል ባለሙያ ነው፤ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ከሲታ፣ ስለ ገብስ በሽታ ሲጠየቅ በአጭሩ፣ ስለ ፊልም ሳይጠየቅ በረጅሙ የሚናገር ሰው። ሰው አንድ ፊልም አይቶ ካልተነጋገረበት ያየው ግማሹን ነው የሚል እምነት ነበረው። ሌላውን ግማሽ ለሚስቱ ለአልማዝ ሊያወራላት ይሞክራል። አልማዝ ግን ፊልም አትወድም፤ በነጻ የሚለቀስበት ሞልቶ ሳለ ከፍሎ ማልቀስ ምን ይሉታል ብላ ትዘጋዋለች። እናም አስማረ ሰኞ ሰኞ ቢሮ የሚገባው ያልተበላ ምሳ እንደያዘ ሰው ግማሽ ፊልሙን ታቅፎ ነው።

ሰኞ ደግሞ የውይይት ክበብ ቀን ነው። እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት የግብርና ቢሮው ሠራተኛም ሰኞ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ተሰብስቦ ንቃቱን እንዲያዳብር ይጠበቅበታል። ከአዲስ አበባ የመጣ መጽሔት ይነበባል፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይተኛል፣ የተኛውም የሚነቃው ሲጨበጨብ ነው። አስማረ የክበቡ ሰብሳቢ ሊሆን የቻለው በምርጫው ዕለት ለመስክ ሥራ ወጥቶ ስለነበር ነው። ሲመለስ በሙሉ ድምፅ መመረጡን ነገሩት።

ሐሳቡ የመጣለት ከሶቪየት ኅብረት የተላኩ ፊልሞች በየክፍለ ሀገሩ መዞር በጀመሩ ጊዜ ነው። ለሠራተኛው ነጻ ትኬት ይታደላል፤ አለማየትም ያስጠይቃል። አስማረ የመሥሪያ ቤቱን የፓርቲ ኃላፊ ጓድ በላቸውን ቢሮው ድረስ ሄዶ አነጋገረው። ከወዳጅ አገር የመጣ ፊልም ታይቶ ሳይወያዩበት መቅረት ድክመት አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀው። ጓድ በላቸው በየሳምንቱ «ሞቅ ያለ ውይይት ተካሂዷል» ብሎ ሪፖርት መጻፍ የሰለቸው፣ በሐሰት መጻፉም ትንሽ የሚከነክነው ሰው ነበር። ውይይቱ እንደ ወትሮው በሂስና ግለ ሂስ እስከተዘጋ ድረስ ይሁን አለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የህንድ ፊልም «ለንጽጽር» በሚል ስም በጓሮ በር ገባ። ብዙም ሳይቆይ ንጽጽሩ ዋናውን ዋጠው።

የመጀመሪያዎቹ ሰኞዎች ግን ነፍስ አልነበራቸውም። የተነሣው ሁሉ ፊልሙ ትምህርት ሰጪ ነው ይላል፤ ቀጥሎ የሚነሣው ደግሞ ቀደም ሲል የተናገሩት ጓድ እንዳሉት ፊልሙ ትምህርት ሰጪ ነው ይላል። ትናንት በፊልሙ ሲንሰቀሰቅ የታየ ሰው ዛሬ ስለ ምርት ግንኙነት ያወራል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው። አስማረ ሁለት ሰኞ ታገሠና በሦስተኛው አንድ ደንብ አወጣ። በዚህ ክበብ ከእንግዲህ ማንም አስተያየት አይጠየቅም። የሚናገር ሰው ከፊልሙ ውስጥ አንዱን ይመርጥና እሱን ሆኖ ይናገራል። ሌባውን የመረጠ ሌባው ነው፤ ለምን እንደሰረቀ፣ ምን እንደፈራ፣ ፊልሙ ያላሳየውን ጭምር ይነግረናል። ስለዚህ የሚናገረው የራሱን ሐሳብ ሳይሆን የሌባውን ነው፤ የሚጠየቅበትም የለም።

ደንቡን ያስጀመረው ሾፌሩ ማሩ ነው። በህንዱ ፊልም ውስጥ የሙት ልጆችን ርስት የሚቀማውን ክፉ አጎት ሆኖ ተነሣና፣ ወንድሙ በሕይወት ሳለ እንዴት እንደበደለው፣ እናታቸው ለማን እንደምታዳላ አንድ በአንድ ዘረዘረ። መጀመሪያ አዳራሹ በሳቅ ወደቀ። ቀጥሎ ሰውየውስ እውነት አለው የሚሉ ተነሡ። መዝጊያው ላይ ግለ ሂስ ሲጠየቅ ማሩ ከአጎቱ አልወጣም፤ የፊውዳል ርዝራዥ መሆኑን አምኖ፣ ርስቱን እንደሚመልስ ቃል ገብቶ ተቀመጠ። ጓድ በላቸው ያን ሳምንት ሪፖርቱ ላይ አንድ ግለሰብ ስህተቱን አምኖ መታረሙን ጻፈ። ደስ ብሎት ነው የጻፈው።

ከዚያ ወዲያ የሚተኛ ጠፋ። ወሬው ከመሥሪያ ቤቱ ወጣ፤ የሆስፒታል ነርሶች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ መምህራን «በእንግድነት» መምጣት ጀመሩ። ወንበር አልበቃ ብሎ አግዳሚ ከጎረቤት መሥሪያ ቤት ተዋሱ። ሰው ሲበዛ ጭቅጭቁም በዛ። ነርሶቹ ተረኛ እየሆኑ ፊልሙን ዘግይተው ስለሚያዩ፣ መጨረሻውን የሚናገር ሰው በተነሣ ቁጥር ጩኸት ነው። በስንት ክርክር፣ ያላዩት በረንዳ ላይ ወጥተው እንዲቆዩ ተወሰነ፤ በረንዳ የወጡትም በመስኮት ጆሯቸውን ደቅነው ይሰሙና ሰማን ብለው ይቆጣሉ። ሌላው ሲናገር ከኋላ የሚያሾፍ ነበር። የትኛውም ፊልም ቢቀርብ ስለ አንዲት ተዋናይት ዓይን ብቻ የሚያወራ የባንክ ሰውም ነበር፤ ያች ተዋናይት በሌለችበት ፊልም እንኳ ዓይኗን ያነሣል። አስማረ አንዱን ሲያስቀምጥ፣ ሌላውን ሲያስነሣ፣ የተጣሉትን ሲያስታርቅ ድምፁ ይዘጋል። ማክሰኞ ጠዋት ጉሮሮውን እያመመው ደስ ይለዋል። እንዲህ ያለ ደስታ በዚያ ዘመን ብዙ እንደማይቆይ ያውቅ ነበር፤ ቢሆንም ደስ ይለዋል።

ከሰኞዎቹ አንድም ሳይቀሩ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ የሚወጡ ሴት ነበሩ። ወይዘሮ እታገኘሁ ከደባርቅ ተዛውረው የመጡ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። ሃምሳን ያለፉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የሚለብሱ፣ ለሥራ አስኪያጁ እንኳ ያለ ፊርማ ፋይል የማይሰጡ ሴት። በእሳቸው መዝገብ ቤት ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም፤ የጠፋ ወረቀት ሲነሣ ፊታቸው የሰው መርዶ እንደሰማ ይለዋወጣል። አንዳርጋቸው የሚባል አንድ ወንድ ልጅ እንዳላቸው ሁሉም ያውቃል። ልጅዎ እንዴት ነው ያላቸው ሰው «አለ» የሚል አንድ መልስ ብቻ ያገኛል፤ የት እንዳለ አይጨምሩም። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ ለወታደርነት የደረሰ ልጅ ያላትን እናት ልጅሽ የት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ሆኗልና ሁለተኛ የሚጠይቃቸው የለም። እሑድ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ብቻቸውን ተቀምጠው ያያሉ። ሰኞም አዳራሹ ውስጥ እንደዚያው ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ፣ አዲስ ዙር ምልመላ ሊጀመር ነው የሚል ወሬ በከተማው በሚናፈስበት ሰሞን፣ አንድ የጦርነት ፊልም መጣ። ስሙ በሩስኛ ስለነበር ማንም አልያዘውም። ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መምህራኑ እየተረጎሙ በሹክሹክታ ለጎረቤታቸው ይነግራሉ፤ ከኋላ ደግሞ ምን አለች ምን አለች የሚል አይጠፋም። ታሪኩ ግን ያለ ትርጉምም ይገባል። አንድ ወጣት ከግንባር ሸሽቶ ወደ እናቱ ይመጣል፤ እናቱ ከወለሉ ሥር ባለ የድንች ጉድጓድ ትደብቀዋለች። በረዶ ይወርዳል፤ ፈረሰኞች መንደሩን ያስሳሉ። በመጨረሻ እናቲቱ ራሷ ልጇን እጁን ይዛ አውጥታ ለአዛዡ ታስረክበዋለች። አዛዡ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣታል፣ ልጁ ተመልሶ ይዘምታል፣ ሙዚቃ ይሆናል። ጓድ በላቸው ፊልም ማለት እንዲህ ነው አለ።

ሰኞ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ማሩ አሳሽ ፈረሰኛ ሆኖ ብርዱን አማረረ። አንዲት ነርስ ነገሩን እያወቀች ዝም ያለች ጎረቤት ሆነች። ከዚያ ከበሩ አጠገብ እጅ ወጣ። አስማረ የማን እጅ እንደሆነ ሲያይ ደነገጠ፤ የቀደመ ሰው ቢኖርም አልፎ ዕድሉን ለእሳቸው ሰጠ። ወይዘሮ እታገኘሁ ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ እናቲቱ ነኝ አሉ።

«ልጄን በሌሊት አልወሰድሁትም» ብለው ጀመሩ። «በሌሊት ውሻ ይጮኻል። የገበያ ቀን ጠብቄ፣ መንገዱ በሰው ሲሞላ፣ ነጠላ አከናንቤ እንደ ታመመች ሴት ደግፌ በአውቶቡስ ይዤው ሄድሁ። ኮሶዬ ወረድን። ወንድሜ ጎተራ አለው። ገብሱን አብዛኛውን ወደ ቤት አገባነውና ከሥር ጭድ አነጠፍሁለት። አንዳርጋቸው ረጅም ነው፤ እግሩን ካላጠፈ አይችለውም። የኮሶዬን ብርድ ታውቁታላችሁ። ሳል እንዳይዘው ፈራሁ፤ ሳል የመጣብህ እንደሆን ጋቢውን ንከስ አልሁት።»

አዳራሹ ውስጥ የሚስቅ አልነበረም፤ የሚያሾፍም አልነበረም። ፊልሙ ውስጥ ኮሶዬ የለም። ገብስ የለም። አንዳርጋቸው የሚባልም የለም። የባንኩ ሰው ጫማውን ማየት ጀመረ፤ ነርሷ የጎረቤቷን ክንድ ያዘች። ወይዘሮ እታገኘሁ ግን ማንንም አያዩም ነበር፤ ድምፃቸውም ከሌላ ጊዜው ለስለስ ብሏል።

«ወንድሜ እህል የሚያወጣ መስሎ ምግብ ያቀብለዋል። እኔ እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። ምስር የምለቅም መስዬ ጎተራውን ተደግፌ እቀመጣለሁ፤ እሱ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ። ቀኑን ሙሉ ምን ይወራል? ወሬ ሲያልቅብኝ ያየሁትን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወራለታለሁ። መጨረሻው ካላማረው ሌላ መጨረሻ አበጅለታለሁ። እንግዲህ ፈረሰኞቹ መጡ በተባለ ጊዜ...»

«ሰዓት አልቋል» አለ አስማረ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ለአስማረ የታየው ይኸው ብቻ ነበር። ሴትየዋ አፋቸው አምልጧቸው፣ እሱ ባወጣው ደንብ ተጠልፈው፣ የደበቁትን ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አውጥተውታል። ከእንግዶቹ መካከል ማን ለማን እንደሚያወራ የሚያውቅ የለም። ለልጁ ፈራ። ለእናቱም ፈራ። አውቆ ዝም አለ ተብሎ የሚጠየቀው የክበቡ ሰብሳቢ መሆኑን ሲያስብ ደግሞ ለራሱ ፈራ፤ የትኛው ፍርሃት እንደቀደመ በኋላም ለይቶ ሊያውቀው አልቻለም።

ወዲያው ተነሥቶ ግለ ሂስ አደረገ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግለ ሂስ ሲያደርግ ዘግይቶ መግባቱን ወይም ድምፁን ከፍ ማድረጉን ብቻ ነበር የሚያነሣው፤ ያን ዕለት ግን ራሱን አልማረም። ይህን ደንብ ማውጣቱ የንዑስ ከበርቴ ግለሰባዊነት የወለደው ከባድ ስህተት መሆኑን ተናገረ። ደንቡ ሠራተኛውን ያልሆነውን እንዲያወራ፣ ያላደረገውን እንዲያጋንን እንዳደረገው አስረዳ። ጓዲት እታገኘሁም የተሳሳቱት በእሱ ጥፋት ነው፤ የተናገሩት ሁሉ ከጭንቅላታቸው የፈጠሩት ነው፣ አንዲት እውነት የለበትም አለ። ይህን ሲል መዋሸቱ ነበር። በሕይወቱ እንደዚያ አሳምሮ የዋሸበት ቀን አልነበረም።

ከዚያ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። የፊልም ውይይቱ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፣ ክበቡ ወደ መጽሔት ንባቡ ይመለስ፣ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ አለ። መጀመሪያ ያወጣው ጓድ በላቸው ነው። ማሩ ተከተለ። ነርሶቹ፣ መምህራኑ፣ የባንኩ ሰው፣ በረንዳ ላይ የነበሩት ሳይቀሩ በመስኮት አወጡ። የተቃወመ አልነበረም፣ ድምፀ ተዓቅቦም አልነበረም። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሲወጡ ጓድ በላቸው አስማረን ጠጋ ብሎ፣ ሰሞኑን ጆሮውን ጉንፋን ይዞት ከሚባለው ግማሹን እንደማይሰማ ነገረው። የባንኩ ሰው ስለ ተዋናይቷ ዓይን እያወራ ወጣ፤ የሚሰማው እንዲበዛ ጮክ ብሎ ነው ያወራው። ነርሷ ለወይዘሮ እታገኘሁ መንገድ ለቀቀችላቸው። ያን ዕለት ሁሉም ደግ ሰው ሆኖ ነበር። አስማረም የሚወደውን ነገር በገዛ እጁ ቀብሮ ሲሄድ፣ ኀዘኑ እንዳለ ሆኖ፣ ሰው ማትረፉን አስቦ ትንሽ ቀለል ብሎት ነበር።

ቀለል ማለቱ ግን አልሰነበተም። ከእንግዶቹ አንዱ ቢያወራስ? ወይዘሮ እታገኘሁን ሊያነጋግራቸው በመዝገብ ቤቱ መስኮት ብቅ ባለ ቁጥር የፋይል ቁጥርና ፊርማ ብቻ ይጠይቁታል። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ለገብስ በሽታ ቅኝት በሚል ማሩን ይዞ በላንድሮቨር ወደ ኮሶዬ ወጣ። ለልጁ ቦታ እንዲቀይር ሊነግረው ነው። ማሩ ወደየት ነው ብሎ አልጠየቀም፤ መንገዱን ሙሉ ስለ መኪናው ፍሬን ሲያወራ ቆየ። ኮሶዬ ጉም ውስጥ ነበረች። መንገድ ዳር ካለው ምግብ ቤት፣ እህቱ ጎንደር መንግሥት ቤት የምትሠራ ሰው ብለው ሲጠይቁ የተክለ ጊዮርጊስን ቤት አሳዩአቸው።

ተክለ ጊዮርጊስ ሽበታም ገበሬ ነው፤ አጨዳ ላይ ነበር። የመንግሥት መኪና ሲያይ ማጭዱን አስቀምጦ መጣና፣ የእህል ኮታውን አስረክቤያለሁ አለ። አስማረ ለኮታ አለመምጣቱን ነገረው፤ እሱ ግን መንግሥት ለሌላ ነገር ሲመጣ አይቶ ስለማያውቅ አላመነም። ማየት ከፈለጉ ይዩ ብሎ ጓሮ ወስዶ የጎተራውን ክዳን አነሣ። አስማረ ድንጋይ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። ከታች ጥቂት ያምና ገብስ አለ። ጭድ የለም፤ ሰው የተኛበትም ምልክት የለም።

«አያ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ልጁን ወዴት ወሰዱት?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የቱን ልጅ?»

አስማረ ክፉ ሰው አለመሆኑን፣ ከእህቱ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት እንደሚሠራ፣ አንዳርጋቸው እዚህ ጎተራ ውስጥ መደበቁን ሰው ስለሰማ ቦታ ይቀይር ሊል መምጣቱን አስረዳ። ተክለ ጊዮርጊስ ክዳኑን መልሶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«ምነው፣ እሷ ናት እዚህ አለ ያለችዎ?» አለ። «እዚህ ቢሆንማ ሸጋ ነበር። ስጭኝ ብያት ነበር እኮ። ይኸው ጎተራው፣ ይኸው እኔ፣ ማንም አያየው ብያት ነበር። ስሙ ተጽፏል አለችኝ። የተጻፈን ሰው እንዴት አድርጌ አጠፋዋለሁ አለችኝ። ደባርቅ ላይ ሰዉ ሁሉ ልጁን ወደ ቆላ ሲያሸሽ፣ እሷ ማንም ሳይጠራት በጠዋት ተነሥታ፣ እጁን ይዛ ወስዳ አስረከበችው። ደረሰኝ ስጡኝ ብላለች አሉ። ተቀባዮቹ ሳቁባት። ጎረቤቱ ሰላምታ ነሣት፤ ጎንደር የገባችውም ለዚያ ነው።»

«ከዚያ ወዲህ ወሬው?»

«ሞተ ያለን የለም። አለ ያለንም የለም» አለ ተክለ ጊዮርጊስ። «ለጊዮርጊስ በመጣች ቁጥር ግን ይህን ክዳን ታነሣለች። ራሷን አስገብታ ታያለች። ምን ትፈልጊያለሽ ስላት፣ ስፋቱን ነው ትለኛለች።»

በመልሱ መንገድ አስማረ ውጭ ውጭውን ያይ ነበር። እሑድ እሑድ ኮሶዬ እሄዳለሁ ብለው ነበር ሴትየዋ፤ እሑድ እሑድ ግን ሲኒማ ቤቱ በር አጠገብ ተቀምጠው የሚያያቸው እሱ ራሱ ነው። ይህ እንዴት እንዳልታሰበው ሊገባው አልቻለም። ፊልሙ ያላሳየውን ጭምር ንገሩን ብሎ ደንብ ያወጣው እሱ ነው። ማሩ በአጎቱ አሳቀ፣ ሌላው በሌላው ተጫወተ፤ ደንቡን እስከ ጥጉ የፈጸሙት እታገኘሁ ብቻ ነበሩ። እሱ ደግሞ እንደ ቀበሌ ጠባቂ አዳመጣቸው። ከጭንቅላታቸው የፈጠሩት ነው ብሎ የዋሸው ውሸት፣ በዚያ ስብሰባ ከተነገሩት ሁሉ ብቸኛው እውነት ሆኖ ተገኘ። አስማረ አፈረ። ጎንደር እስኪገቡ ድረስ ፊቱ እየነደደ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስብሰባው ሊጀመር ሲል ወደ መዝገብ ቤት ሄደ። ወይዘሮ እታገኘሁ ያን ጊዜ በሩን ከፈቱለት፤ ፊርማ አልጠየቁትም። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ፋይል እያስተካከሉ፣ ቀና ሳይሉ፣ ወንድሜ መልእክት ልኮብኛል አሉ።

«ጎተራውን አየኸው?»

«አየሁት» አለ አስማረ።

«ይበቃው ነበር?»

አስማረ ልጁን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ይበቃው ነበር አለ። ወይዘሮ እታገኘሁ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እግሩን ካጠፈ ይበቃዋል ብለው እሳቸውም ገምተው እንደነበር ነገሩት።

አስማረ ይቅርታ ጠየቃቸው። እውነት መስሎን ነው፣ ልጁ እንዳይያዝብዎ ብለን ነው አለ። ጓድ በላቸውን እንደሚለምን፣ ክበቡም እንደገና እንደሚጀመር፣ ያኔ ካቆሙበት እንደሚቀጥሉ ተስፋ ሰጣቸው። ተስፋውን ሲሰጥ እሱም በጉዳዩ እርግጠኛ አልነበረም።

«ከምኑ ልቀጥል?» አሉ። «ልጄን አንድ ጊዜ ደብቄው ነበር እኮ። ፈረሰኞቹ ሲመጡ በየት በኩል እንደማሳልፈው አስቤ ጨርሼ ነበር። ልነግራችሁ ነበር።»

«ለእኔ ይንገሩኝ።»

ወይዘሮ እታገኘሁ ፋይሉን ዘግተው ወደ መደርደሪያው መለሱት።

«አሁንማ ወሰዱት» አሉ። «እጃችሁን አወጣችኋ። በሙሉ ድምፅ። እኔም አወጣሁ፤ ማንም ሳያስገድደኝ። ሳስረክበው ሁለተኛዬ ነው።»

ከዚያ ቁልፋቸውን አነሡ፤ መጽሔቱ ወደሚነበብበት አዳራሽ ቀድመውት ሄዱ።